መቶ ሺህ ዓመት ጠባቂ የሚፈልግ ቆሻሻ
ከሻላ አመድ እስከ ኒውክሌር ስምምነቱ፤ ከሐዋሳ ሲታይ

ሻላ ከአገራችን ሐይቆች ሁሉ ጥልቁ ነው። ውሃው የተኛው በጥንት ዘመን አንድ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ወደ ውስጥ በተደረመሰበት ጎድጓዳ ላይ ነው። ያ ፍንዳታ የረጨው አመድ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ በኦሞ ወንዝ ተፋሰስ ኪቢሽ በተባለው ስፍራ አርፏል። እ.ኤ.አ. በ1967 በዚያው አካባቢ የሰው አጥንቶች ተገኙ። ዕድሜያቸው 195,000 ዓመት ገደማ ነው ሲባል ከቆየ በኋላ፣ በ2022 በኔቸር መጽሔት የወጣ ጥናት ከአጥንቶቹ በላይ ያለው አመድ የሻላ ፍንዳታ አመድ መሆኑን አሳየ። ፍንዳታው የደረሰው ከ233,000 ዓመት በፊት ገደማ ነው፤ ከአመዱ ሥር የተቀበሩት ሰዎች ደግሞ ከዚያ በፊት የኖሩ ናቸው።

ይህን ዕድሜ ለመለካት ያስቻለው ራዲዮአክቲቭነት ነው። በድንጋዩ ውስጥ ያለው ፖታሲየም 40 ቀስ በቀስ ወደ አርጎን ይለወጣል፤ ሳይንቲስቶች የተጠራቀመውን አርጎን ለክተው ስንት ዘመን እንዳለፈ ያሰላሉ። ቸኩሎም ዘግይቶም የማያውቀው ይህ ለውጥ ለታሪክ ተመራማሪው ሰዓት ሲሆነው፣ የኒውክሌር ቆሻሻ ለሚያስቀምጥ መንግሥት ግን ከባድ ዕዳ ይሆንበታል። ከኒውክሌር ማብላያ የሚወጣው ፕሉቶኒየም 239 ግማሽ ዕድሜው፣ ግማሹ ተለውጦ እስኪያልቅ የሚፈጀው ጊዜ፣ 24,100 ዓመት ነው። ወደ አንድ ሺህኛው እስኪወርድ አሥር ግማሽ ዕድሜዎች፣ ማለትም 241,000 ዓመት ይፈጃል። የሻላ ተራራ ከፈነዳበት ቀን እስከ ዛሬ ያለው ዘመን እንኳ ለዚህ አይበቃም።

ሐዋሳ በ1952 ዓ.ም. የተቆረቆረች ወጣት ከተማ ናት። የኒውክሌር ቆሻሻ ጥያቄ ግን ከእርሷም ከአገሪቱም ደጃፍ ደርሷል። መስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ከተመረቀ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ኢትዮጵያና የሩሲያው የኒውክሌር ድርጅት ሮሳቶም በሞስኮ የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ለመገንባት የሚያስችል የድርጊት መርሐ ግብር ተፈራረሙ። በውሃ ኃይል ላይ ብቻ የተመሠረተ አገር በድርቅ ዓመት ምን እንደሚገጥመው ለምናውቅ ሰዎች ሐሳቡ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ስለ መብራቱ በተነገረው ልክ ስለ ቆሻሻው አልተነገረም። ሌሎች አገሮች ይህን ጥያቄ ለነገ እያሉ ያሳለፉት ሰባ ዓመት ምን እንዳስከፈላቸው መመርመር ያለብን ፊርማው ወደ ግንባታ ከመለወጡ በፊት፣ ዛሬ ነው።

ነዳጁ ከማብላያው ሲወጣ

ማብላያ ውስጥ የሚገባው ነዳጅ በትናንሽ እንክብሎች የተዘጋጀ ዩራኒየም ነው። እንክብሎቹ በረጃጅም የብረት ዘንጎች ውስጥ ተደርድረው ለጥቂት ዓመታት ሙቀት ይሰጣሉ። ከመግባታቸው በፊት ሠራተኛ በጓንት ሊይዛቸው ይችላል። ሲወጡ ግን ያለ መከለያ አጠገባቸው የቆመ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ገዳይ ጨረራ ይቀበላል። ዩራኒየሙ ሲሰነጠቅ ሲዝየም፣ ስትሮንቲየም፣ አዮዲንና ሌሎችም ይፈጠራሉ፤ ከፊሉ ዩራኒየም ደግሞ ወደ ፕሉቶኒየም ይለወጣል። ማብላያው ቢጠፋም የዘንጎቹ ሙቀት አይቆምም። ስለዚህ ለዓመታት በጥልቅ የውሃ ገንዳ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ በኋላም በብረትና በኮንክሪት በተሠሩ ግዙፍ መያዣዎች ይታሸጋሉ።

አንድ 1,000 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ማብላያ በዓመት ከ20 እስከ 30 ቶን ያገለገለ ነዳጅ ያወጣል። በዓለም ዙሪያ እስካሁን የወጣው 400,000 ቶን ገደማ ሲሆን፣ አንድ ሦስተኛው ያህል እንደገና ተጣርቷል፤ የቀረው ከማብላያዎቹ አጠገብ ተቀምጦ ይጠብቃል። እውነቱን ለመናገር፣ ይህ መጠን ከድንጋይ ከሰል አመድና ጭስ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። በአግባቡ የታሸገው መያዣም ለአሥርት ዓመታት ሰው ሳይጎዳ መቀመጥ እንደሚችል ታይቷል። ሲዝየምና ስትሮንቲየም ግማሽ ዕድሜያቸው 30 ዓመት ገደማ ስለሆነ ከ300 ዓመት በኋላ ወደ አንድ ሺህኛ ይወርዳሉ። ከሦስት መቶ ዓመት በፊት የጎንደር ነገሥታት ዘመን ነበርና፣ ይህን ያህሉን ሰው ቢተጋ ሊጠብቀው ይችላል እንበል። ፕሉቶኒየሙን ግን የሚጠብቅ መንግሥት፣ ቋንቋም ሆነ ከተማ እስካሁን በምድር ላይ አልተፈጠረም። ቆሻሻውን ጥልቅ ምድር ውስጥ የመቅበር ሐሳብም የመጣው ሰው መጠበቅ ሲሳነው ዐለት ይጠብቅ ከሚል ነው።

አንድ ዓመት፣ ሁለት መንገድ

እ.ኤ.አ. 1957 በዚህ ታሪክ ውስጥ ልዩ ዓመት ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ የኒውክሌር ቆሻሻ በጥልቅ የጨው ዐለት ውስጥ ቢቀበር እንደሚሻል ያሳሰበው በዚያ ዓመት ነበር። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ በቪየና የተመሠረተውም በዚያው ዓመት ሲሆን፣ ኢትዮጵያ ከመጀመሪያዎቹ አባላት አንዷ ሆነች። በአዲስ አበባ ደግሞ ካናዳዊው ቄስና ሳይንቲስት ፒየር ጉዌን የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪውን አቋቋሙ፤ የአገራችንን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ በመጽሐፍ የሰበሰቡልንም እርሳቸው ናቸው።

በዚያው ዓመት መስከረም ወር በሶቪየት ኅብረት ኡራል ተራሮች ግርጌ አንድ የቆሻሻ ታንክ ፈነዳ። ቦታው ለቦምብ የሚሆን ፕሉቶኒየም የሚመረትበት ማያክ ነው። ታንኩ ከ70 ቶን በላይ ፈሳሽ ራዲዮአክቲቭ ቆሻሻ ይዞ ነበር፤ የማቀዝቀዣው ሥርዓት ተበላሸ፤ ማንም ሳይጠግነው ሙቀቱ እየጨመረ ሄደና 160 ቶን የሚመዝነውን የኮንክሪት ክዳን አሽቀንጥሮ ጣለው። ጨረራ ያዘለው ደመና በነፋስ እየተገፋ በሺዎች በሚቆጠር ስኩዌር ኪሎ ሜትር ላይ ወረደ። ከ10,000 በላይ ሰዎች ከቀያቸው ተነሡ፤ ብዙዎቹ ለምን እንደሚነሡ አልተነገራቸውም። የማያክ ከተማ በካርታ ላይ ስላልነበረች አደጋው በአቅራቢያው ባለችው በኪሽቲም ስም ተጠራ። ስደተኛው ሳይንቲስት ዦሬስ ሜድቬዴቭ እ.ኤ.አ. በ1976 እስኪያጋልጠው ድረስ ለዓለም ምሥጢር ነበር፤ የሶቪየት መንግሥትም በይፋ ያመነው በ1989 ነው።

ለሐዋሳ ሰው ግን ከታንኩ ፍንዳታ ይበልጥ ቅርብ የሚሆነው የካራቻይ ሐይቅ ነገር ይመስለኛል። ካራቻይ ትንሽና መውጫ የሌለው ሐይቅ ነበር። ከ1951 ጀምሮ የማያክ ፋብሪካ ቆሻሻውን በቀጥታ ወደዚያ ይለቅ ጀመር፤ ወንዝ ተከትሎ ስለማይሄድ ጥሩ ማጠራቀሚያ መስሏቸው ነበር። በ1967 ድርቅ መጣ፤ ዳር ዳሩ ደረቀ፤ ነፋስ የተበከለውን አቧራ አንሥቶ በአካባቢው መንደሮች ላይ በተነው። ከዚያ በኋላ ሐይቁን በድንጋይና በኮንክሪት ለመሙላት አሥርት ዓመታት ፈጀ፤ ሥራው የተጠናቀቀው በ2015 ነው። አንድ ሐይቅ ከምድር ገጽ ጠፋ፤ ከሥሩ ያለው የከርሰ ምድር ውሃ ግን እስከ ዛሬ ክትትል ይፈልጋል።

የሐዋሳ ሐይቅም በገጽ ምድር መውጫ የለውም። ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። ከተማዋ ይህን ተረድታ በራሷ ልክ እርምጃ ወስዳለች፤ በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀምበት ተደርጎ የተሠራው ወደ ሐይቁ እንዳይለቅ ነው። ይህ ለጨርቃ ጨርቅ ቀለም ከሠራ፣ ለሺህ ዓመታት የሚቆይ ነገር ሲመጣ ጥያቄው በዚያው ልክ ሊጠነክር ይገባል።

ባሕር፣ ጨውና በረሃ

ሌሎቹ ያልሞከሩት ነገር የለም ማለት ይቻላል። ከ1946 ጀምሮ በርካታ አገሮች ቆሻሻውን በበርሜል እያሸጉ ወደ ውቅያኖስ ወረወሩት። በ1972 የለንደን ስምምነት ከፍተኛ ጨረራ ያለውን ቆሻሻ ከለከለ፤ በ1993 ደግሞ ራዲዮአክቲቭ የተባለ ሁሉ ወደ ባሕር እንዳይጣል ተወሰነ። የተጣለው ግን ከባሕሩ ወለል ላይ ነው።

ጀርመን ጨው መረጠች። አሴ በተባለ የቀድሞ የጨው ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ከ1967 እስከ 1978 ድረስ 126,000 ገደማ በርሜል አነስተኛና መካከለኛ ጨረራ ያለው ቆሻሻ ገባ። ጨው ደረቅ ነው፣ ለሚሊዮን ዓመታት ውሃ አልነካውም የሚለው ክርክር በወረቀት ላይ ትክክል ነበር። ጉድጓዱ ግን ለማዕድን ሲባል ለብዙ ዓመታት የተቦረቦረ ስለነበር ውሃ መግባት ጀመረ። በ2013 የጀርመን ፓርላማ በርሜሎቹ ተመልሰው እንዲወጡ የሚያዝዝ ሕግ አወጣ። አንድ ትውልድ በአሥር ዓመት ያስገባውን ለማውጣት ሌላ ትውልድ ስንት አሥርት ዓመት እንደሚደክም ያ ጉድጓድ እያሳየ ነው። በ1977 ለከፍተኛ ቆሻሻ የተመረጠው ጎርሌበንም ከአርባ ዓመት ተቃውሞና ክርክር በኋላ በ2020 ከዕጩነት ተሰረዘ።

አሜሪካ ደግሞ በ1982 ሕግ አውጥታ መንግሥት ከ1998 ጀምሮ ያገለገለውን ነዳጅ ከኩባንያዎቹ እንደሚረከብ ቃል ገባች። በ1987 ኮንግረስ ሌሎቹን ዕጩ ቦታዎች ትቶ በኔቫዳ በረሃ ያለው ዩካ ተራራ ብቻ እንዲጠና ወሰነ። የኔቫዳ ሰዎች አልተጠየቁም፤ መሬቱ የእኛ ነው የሚሉት የምዕራብ ሾሾኒ ነባር ሕዝቦችም እንዲሁ። ግዛቲቱ በፍርድ ቤትም በፖለቲካም ታገለች፤ ብዙ ቢሊዮን ዶላር ከፈሰሰ በኋላ በ2010 ገደማ ሥራው ቆመ። ቃል የተገባው ቀን ካለፈ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የአሜሪካ ያገለገለ ነዳጅ አሁንም በየማብላያው ግቢ ተቀምጧል።

እነዚህ ሁሉ ዕውቀትና ገንዘብ ያላቸው አገሮች ናቸው። የጎደላቸው አንድም የቦታውን ተፈጥሮ በትዕግሥት መመርመር፣ አንድም ሕዝቡን ቀድሞ መጠየቅ ነበር።

አዲስ አበባ ላይ የተባለው

ቆሻሻውን በአገሩ ማስቀመጥ ሲከብድ፣ ወደ ድሀ አገር ልኮ መገላገል የሚል ፈተና መጣ። እ.ኤ.አ. በ1988 ናይጄሪያ ውስጥ ኮኮ በተባለች የወደብ ከተማ ከጣሊያን የመጣ መርዛማ የኢንዱስትሪ ቆሻሻ ተጥሎ ተገኘ። በዚያው ዓመት ግንቦት ወር የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የሚኒስትሮች ምክር ቤት አዲስ አበባ ላይ ተሰብስቦ ኒውክሌርና የኢንዱስትሪ ቆሻሻን በአፍሪካ መጣል በአህጉሪቱና በሕዝቧ ላይ የሚፈጸም ወንጀል ነው ሲል አወገዘ። ከዚህ ቁጣ በ1991 የባማኮ ስምምነት ተወለደ፤ ራዲዮአክቲቭን ጨምሮ አደገኛ ቆሻሻ ወደ አፍሪካ እንዳይገባ ይከለክላል፤ ኢትዮጵያም አባል ናት። በ1996 የተፈረመው የፔሊንዳባ ውልም አፍሪካን ከኒውክሌር መሣሪያ ነፃ ከማድረጉ ጋር ራዲዮአክቲቭ ቆሻሻ መጣልን ይከለክላል።

እነዚህ ውሎች የሌላው ቆሻሻ ወደ እኛ እንዳይመጣ አጥር ናቸው። ራሳችን ማመንጨት ስንጀምር ግን ቆሻሻው የራሳችን ይሆናል፤ አጥሩ ከውስጥ ለሚወለደው ነገር አይረዳም። በአፍሪካ ይህን የቀመሰችው ደቡብ አፍሪካ ናት። የኩበርግ ማብላያዋ ከ1984 ጀምሮ ይሠራል፤ አነስተኛና መካከለኛ ጨረራ ያለው ቆሻሻ ከ1986 ወዲህ በሰሜናዊ ኬፕ በረሃ በቫልፑትስ ይቀበራል። ያገለገለው ነዳጅ ግን ዛሬም የመጨረሻ መቀበሪያ አላገኘም።

እኛ ዘንድ ያለው ትንሹ

ኢትዮጵያ ማብላያ ባይኖራትም ከራዲዮአክቲቭ ነገር ጋር መኖር ከጀመረች ቆይታለች። ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛ የነበረው የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የጨረር ሕክምና ክፍል የካንሰር ሕሙማንን ያከመው በኮባልት 60 ነው። በደቡብ ስምጥ ሸለቆ ከብቱን በገንዲ በሽታ ይፈጅ የነበረውን የቆላ ዝንብ ለማጥፋት በተዘረጋው ፕሮጀክት፣ አዲስ አበባ ቃሊቲ በተቋቋመው ማዕከል ወንዶቹ ዝንቦች በጨረራ እየመከኑ ወደ ደቡቡ ይለቀቁ ነበር። ከጥቁር አንበሳ ውጭ የጨረር ሕክምና ማዕከል እንዲከፈትባቸው ከተመረጡት የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች አንዱም የሐዋሳው ነው። እነዚህ ሰውና ከብት ያዳኑ ሥራዎች ናቸው፤ ይብዙልን የምንላቸው።

ኮባልት 60 ግማሽ ዕድሜው አምስት ዓመት ከመንፈቅ አይሞላም። ኃይሉ ለሕክምና ሲያንስ ይለወጣል፤ የወጣው ምንጭ ግን ሰውን ለመጉዳት በቂ አቅም ይቀረዋልና በጥንቃቄ ሊቀመጥ ይገባል። አገሪቱ በ1986 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 79 የጨረራ መከላከያ ባለሥልጣን ያቋቋመችው፣ በኋላም በ2000 እና በ2009 ዓ.ም. ሕጉን እያሻሻለች የሄደችው ለዚህ ነው።

ቁጥጥሩ ሲላላ ምን እንደሚመጣ ብራዚል አይታዋለች። እ.ኤ.አ. በ1987 በጎያኒያ ከተማ ከተዘጋ ክሊኒክ ውስጥ የቀረ የጨረር ሕክምና መሣሪያ ነበር። ሁለት ሰዎች ብረቱን ፈልገው አወጡት፤ ፈታትተው ለአሮጌ ብረት ነጋዴ ሸጡት። በውስጡ 93 ግራም ገደማ የሲዝየም ጨው ነበር። በጨለማ ሰማያዊ ብርሃን ይሰጥ ስለነበር ቤተሰብና ጎረቤት ተካፈሉት፤ ሕፃናትም ተቀቡት። አራት ሰዎች ሞቱ፣ 249 ሰዎች ተበከሉ፣ ከ110,000 በላይ ሰዎች ተመረመሩ። ከመቶ ግራም ያነሰ ዱቄት ቤት አስፈርሶ፣ አፈር አስቆፍሮ 3,500 ሜትር ኪዩብ ቆሻሻ ወለደ። ቆራሌው በየሰፈሩ አሮጌ ብረት በሚገዛበት፣ ምናለሽ ተራ የማይሸጥ ብረት በሌለበት አገር ይህ ታሪክ የሩቅ አገር ወሬ ሊሆን አይችልም። እያንዳንዱን ምንጭ የሚመዘግብ፣ የሚከታተልና ሲያልቅ የሚረከብ ተቋም መጠናከር ያለበት ከትልቁ ማብላያ በፊት ነው። ትንሹን በሥርዓት የያዘች አገር ስለ ትልቁ ለመነጋገር መሠረት ይኖራታል።

ከእግራችን በታች ያለው

ቆሻሻውን ዐለት ይጠብቅ ከተባለ፣ የትኛው ዐለት የሚለው ጥያቄ ይከተላል። ሐዋሳ የተቀመጠችበት ስምጥ ሸለቆ ምድር እየተሳሳበ የሚለያይበት ቦታ ነው። ከሐይቁ በስተሰሜን ምዕራብ ያለው የኮርቤቲ እሳተ ገሞራ ከ2009 እ.ኤ.አ. ወዲህ በዓመት በርካታ ሴንቲ ሜትር ከፍ እያለ መሆኑን የሳተላይት መለኪያዎች አሳይተዋል። ጥር 15 ቀን 2008 ዓ.ም. በሐዋሳ የተሰማው መንቀጥቀጥ በመለኪያ 4.3 ገደማ ቢሆንም፣ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ከሕንፃ ለመውጣት ሲሯሯጡ ተጎድተዋል። እ.ኤ.አ. በ1906 በላንጋኖ አካባቢ የተነሣው መንቀጥቀጥ እስከ አዲስ አበባ ተሰምቷል። ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የደረሰው ተከታታይ መንቀጥቀጥም አሥር ሺዎችን ከቤታቸው አስነሥቷል።

ውሃውም አይረጋም። ከሐዋሳ በስተምሥራቅ ያለው ጨለለቃ ከጥቂት አሥርት ዓመታት በፊት ሐይቅ ነበር፤ በደለል ተሞልቶ ዛሬ ረግረግ ሆኗል። ከ10,000 ዓመት በፊት ገደማ ደግሞ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ አንድ ታላቅ ሐይቅ ሆነው ወደ አዋሽ ይፈስሱ ነበር። ለቆሻሻ አያያዝ 10,000 ዓመት አጭር ጊዜ ነው። እዚህ ምድሩ የሚንቀሳቀስ፣ ከርሰ ምድሩ የሚፈላ፣ ውሃው ቦታ የሚለዋውጥ ስለሆነ ስምጥ ሸለቆው ለዘላቂ መቀበሪያ የሚመረጥ ቦታ አይደለም።

ይህን ስል ማብላያው ሐዋሳ ላይ ይተከላል ማለቴ አይደለም። ምድራችን ሁሉ ስምጥ ሸለቆ አይደለምና። በምዕራብ ወለጋና በቤኒሻንጉል፣ በደቡብ አዶላና ቦረና፣ በሰሜን ትግራይ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ዓመታት ያስቆጠሩ ጽኑ ዐለቶች ይገኛሉ። ዐለት እንዲህ ያለውን ነገር ሊይዝ እንደሚችልም አፍሪካ ራሷ ምስክር አላት። በጋቦን ኦክሎ በተባለ የዩራኒየም ማዕድን ስፍራ እ.ኤ.አ. በ1972 ሳይንቲስቶች አንድ አስገራሚ ነገር አገኙ፤ ከሁለት ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ተፈጥሮ ራሷ ማብላያ ሆና ለረጅም ዘመን ሠርታ ነበር። የፈጠረችው ፕሉቶኒየም ከተወለደበት ቦታ ብዙም ሳይርቅ እዚያው ተለውጦ አልቋል። ተስማሚ ዐለት ካለ ይቻላል ማለት ነው። ተስማሚነቱ የሚታወቀው ግን በቁፋሮ፣ በውሃ ጥናትና በመንቀጥቀጥ መዝገብ ነው፤ ይህም ከአሥር እስከ ሃያ ዓመት የሚፈጅ ሥራ ስለሆነ ዛሬ ካልተጀመረ ማብላያው ቀድሞ ይደርሳል።

የማናነበው መልእክት

እ.ኤ.አ. በ1981 የአሜሪካ መንግሥት ቆሻሻው የተቀበረበትን ቦታ ከ10,000 ዓመት በኋላ የሚመጣ ሰው እንዳይቆፍረው እንዴት እናስጠንቅቀው የሚል ጥያቄ ለባለሙያዎች አቀረበ። የምልክት ሊቁ ቶማስ ሴቢዮክ ማስጠንቀቂያውን ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚያስተላልፍ እንደ ካህናት ያለ ማኅበር ይቋቋም እስከ ማለት ደረሰ። በኒው ሜክሲኮ በ1999 ሥራ ለጀመረው የጥልቅ ጨው መቀበሪያም የድንጋይ ሐውልቶች ታቅደዋል።

ከሐዋሳ ወደ ዲላ የሚወርድ ሰው መልሱን በዓይኑ ያያል። በጌዴኦ ምድር ከ6,000 በላይ ትክል ድንጋዮች አሉ፤ አንዳንዶቹ ወደ ሁለት ሺህ ዓመት እንደሚጠጉ በቅርብ ዓመታት የተደረገ ጥናት አመልክቷል። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ በዩኔስኮ ሲመዘገብ ድንጋዮቹም አብረው ተከብረዋል። ጢያ ላይ በ1972 ዓ.ም. የተመዘገቡት ትክሎች ሰይፍና ሌሎች ምልክቶች ተቀርጸውባቸዋል፤ ዕድሜያቸው ከሺህ ዓመት አይበልጥም፤ ምልክቶቹ ምን እንደሚሉ ግን ሊቃውንት እስካሁን አልተስማሙም። ድንጋዩ ቀርቷል፤ መልእክቱን የሚያውቀው ሰንሰለት ተቆርጧል።

በሌላ በኩል ሲዳማዎች ፍቼ ጨምበላላን በሽማግሌዎች የከዋክብት ንባብ እየቆጠሩ ከትውልድ ትውልድ አሻግረውታል፤ ገዳሞቻችን የአባ ገሪማን ወንጌል ከ1,400 ዓመት በላይ ጠብቀዋል። ዕውቀትን የሚያቆየው የሚጠቀምበት፣ የሚሰበሰብበትና የእኔ ነው የሚለው ሕዝብ ነው። ስለዚህ ቆሻሻው የሚቀመጥበት አካባቢ ሕዝብ ነገሩን ከመጀመሪያው ሊያውቀው፣ ሊስማማበትና ልጆቹን ሊያስተምርበት ይገባል። በምሥጢር የተቀበረ ነገር በሁለት ትውልድ ይረሳል፤ ኪሽቲም ላይ እንደሆነውም ምሥጢሩን የሚከፍለው በላዩ የሚኖረው ሰው ነው።

ኤውራዮኪ የተጠየቀችው

እስካሁን ከማንም የተሻለ የሄደችው ፊንላንድ ናት። በሎቪሳ ያሉት ሶቪየት ሠራሽ ማብላያዎቿ ያገለገለ ነዳጃቸውን ወደ ሩሲያ ይልኩ ነበር፤ የሚሄደውም ያው ኪሽቲም ወደተከሰተበት ማያክ ነበር። በ1994 ፓርላማዋ የኒውክሌር ቆሻሻ ሁሉ በአገር ውስጥ እንዲያልቅ ሕግ አወጣ፤ ጭነቱም በ1996 ቆመ። ገንዘቡም ቀድሞ ተዘጋጅቷል፤ ከ1988 ጀምሮ ኤሌክትሪክ አምራቾቹ በየዓመቱ ለቆሻሻው ማስወገጃ ወደ ልዩ የመንግሥት ፈንድ ያስገባሉ።

ቦታ ሲመረጥ ሕጉ ለወረዳዎች እንቢ የማለት መብት ሰጥቷል። የኤውራዮኪ ወረዳ ምክር ቤት በ2000 ተከራክሮ ተቀበለው፤ ፓርላማውም በ2001 አጸደቀ። ኦንካሎ የተባለው ዋሻ ከ2004 ጀምሮ 1.9 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ባስቆጠረ ዐለት ውስጥ ወደ 430 ሜትር ጥልቀት ተቆፈረ። ነዳጁ በመዳብ መያዣ ይታሸጋል፤ መያዣው ውሃ ሲነካው በሚያብጥ ቤንቶናይት ሸክላ ይከበባል፤ ዋሻውም ይደፈናል። የሙከራ ሥራው በ2024 ተጀምሯል። ከመጀመሪያው ዕቅድ እስከዚህ አርባ ዓመት ፈጅቷል፤ ያም ሆኖ ከኔቫዳ በፊት ደርሷል፤ ለመጠየቅ የዋለው ጊዜ ሥራውን አላዘገየውምና።

ከዚህ ታሪክ ለኛ አራት ግልጽ ሥራዎች ይወጣሉ። አንደኛ፣ ከሮሳቶም ጋር በሚፈረመው የግንባታ ውል ውስጥ ያገለገለው ነዳጅ ወደ ማን እንደሚሄድ፣ ከተጣራ በኋላ የሚቀረው ቆሻሻ ተመልሶ ይመጣ እንደሆነ፣ ማን እንደሚከፍል በጽሑፍ መስፈር አለበት፤ ሩሲያ ከ2001 ጀምሮ የውጭ ነዳጅ ለመረከብ የሚያስችል ሕግ አላት፣ ባንግላዴሽም በ2017 ያገለገለው ነዳጇ ወደ ሩሲያ እንዲመለስ ተፈራርማለች። ሁለተኛ፣ የመጀመሪያው ኪሎ ዋት ከመሸጡ በፊት ከሽያጩ ለቆሻሻው የሚቆረጥ፣ ማንም ለሌላ ጉዳይ የማይነካው ፈንድ በአዋጅ ይቋቋም። ሦስተኛ፣ ፈቃድ ሰጪውና ተቆጣጣሪው ማብላያውን ከሚገነባው አካል ፈጽሞ የተለየ ይሁን፤ የጂኦሎጂ፣ የከርሰ ምድር ውሃና የመንቀጥቀጥ ጥናቱም በአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ሐዋሳን ጨምሮ፣ ከአሁኑ ይጀመር። አራተኛ፣ የሚመረጠው አካባቢ ሕዝብ እንቢ ማለት የሚያስችለው መብት በሕግ ይኑረው።

ኒውክሌር ኃይል አገራችን ያስፈልጋታል አያስፈልጋትም የሚለው ክርክር ይቀጥላል፤ መቀጠሉም መልካም ነው። ያስፈልጋታል የሚል ሰው ግን ከማንም በፊት ስለ ቆሻሻው የሚጠይቅ መሆን አለበት፤ ዕቅዱ በኔቫዳ ወይም በጎርሌበን እንደሆነው መንገድ ላይ እንዳይቀር የሚያድነው ይህ ጥያቄ ነውና። መብራቱን የምናበራው እኛ ነን፤ ቆሻሻውን የሚጠብቁት ግን ስማችንን የማያውቁ ሰዎች ናቸው። የእነርሱን ድርሻ በእኛ ዘመን፣ በእኛ ገንዘብና በግልጽ ተነጋግረን መጨረስ ግዴታችን ነው።